ወርቁ ላይ የረጨሁት ጸበል

ልጄ ባሕር ማዶ ከመሄዷ በፊት ምርቃቴን ልትቀበል ሞላሌ፣ እኔ ጋ መጣች። ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ከመኪናው ጭነት ጋር ስትሰድ፣ ከክብሪት ቤት ብዙ የማይበልጥ ሣጥን ግን ከእጇ አልለየችም። ቤት ገብታም ከራስጌዋ አላራቀችውም።

ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው የተውኩት። ከሰዓት በኋላ ባና ለምንለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ሳለ አጠገቤ ተቀምጣ ሣጥኑን ከፈተችልኝ። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ አለ፤ ላዩ ወርቅ ተቀብቷል።

"እውነተኛ ወርቅ ነው?"

"እውነተኛ ነው። ግን ተፍቆ ቢሰበሰብ ለአንድ ጉትቻ አይበቃም።"

ወርቁ ላይ ዓይን የማይለያቸው፣ የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል አለችኝ። ሜታማቴሪያል ይሉታል። ቴራኸርዝ የሚባል ብርሃን አለ፤ በሬዲዮ ሞገድና ከእሳት በሚወጣው ሙቀት መካከል ያለ፣ የማይታይ። የእሷ ሥራ ያ ብርሃን በቀዳዳዎቹ እንዴት እንደሚያልፍ ማወቅ ነው። ወርቅ ብርሃኑን ይመልሳል፤ ቀዳዳ ካለው ያው በቀዳዳው ስፋት ልክ ያሳልፋል ብዬ አሰብኩ።

"አይደለም እማዬ። ሞገዱ ከቀዳዳዎቹ ጋር ከተስማማ ከስፋታቸው በላይ ያሳልፋሉ። ወርቁ ላይ ያረፈው ብርሃንም ወደ ቀዳዳው ይሰበሰባል።"

"ከበር በላይ በግ ይወጣል እንዴ?"

"በሩ ፊት የቆሙት ብቻ ናቸው የሚወጡት? ጥግ ያሉትስ?"

እውነቷን ነው። አንዷ ከወጣች ጥግ ያሉትም ተግተልትለው ይከተላሉ።

"መስማማት ያልሽውስ?" አልኳት። ያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና በመንገዱ አለፈ። መደርደሪያው ላይ ካሉት ስድስት ብርጭቆዎች አንዱ ብቻ አቃጨለ። ጣቷን ቀሰረችበት።

"ያ ነው። ሁሉም የየራሱ ንዝረት አለው፤ ለዚያ ብቻ ይመልሳል።"

ሌላ ማብራሪያ አልፈለግኩም።

ያላት ናሙና ያ አንድ ብቻ ነበር። መለኪያው ባለበት አገር የተፈቀደላት ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ብርሃኑ እንዳሰላችው ካለፈ ትመረቃለች፤ ካላለፈ የሁለት ዓመት ድካሟ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል።

በመሄጃዋ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ሣጥኑን ከፈትኩት። የደብራችን ጸበል በጠርሙስ ከቤቴ አይጠፋም። እሷን ልረጫት ነው፤ የምትደክምለት ነገርስ ለምን ይቅር? በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ብዬ ሦስት ጊዜ ረጨሁበት። እስኪደርቅ ጠብቄ ከደንኩት። አልነገርኳትም። እሷንም ረጭቼ፣ መርቄ ሸኘኋት።

በሁለተኛው ሳምንት ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

"እማዬ፣ አልሆነም። ከጠበቅኩት ግማሹ እንኳ አያልፍም። የሚስማማበትም ቦታ ሸሽቷል።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"ስሌቴ ተሳስቷል ማለት ነው። አስተማሪዬም እንደዚያ ነው ያሉት። የቀረኝ አራት ቀን ነው። ወርቁ ላይም ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ሲሠራ የመጣ እንከን መሰለኝ።"

ጸበላችን ሲደርቅ ዕቃ ላይ ነጭ ይተዋል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጠርሙሱን የማጥበው እኔ ነኝ።

"ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ አስቸገረ" ብዬ ዘጋሁት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ።

እንዝርቴን አነሣሁ፤ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ብነግራት በባዕድ አገር በሰው ፊት አሳፍራታለሁ ብዬ ፈራሁ። ጸበል ሥራዋን አበላሸ እንዲባልም አልፈለግኩም። ባልነግራት ግን ልጄ ባላጠፋችው ጥፋት ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች። መልሼ ደወልኩ።

"ልጄ፣ ነጠብጣቡ የኔ ነው። ጸበል ረጭቼበታለሁ።"

"ሣጥኑ ላይ?"

"ወርቁ ላይ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ነዋ! በሥላሴ ስም ሁለት ጊዜ ይረጫል?"

ያለቀሰች መሰለኝ። ለካ እየሳቀች ነው።

"እኔ እኮ ስሌቱን መቶ ጊዜ አገላበጥኩት!"

"ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት።"

"እሱን ተይውና፣ ጸበሉ ውስጥ ምን አለ?"

"በረከት።"

"እሱ ቢታጠብም አይለቅም። የሚለቀውን ንገሪኝ።"

ከድንጋዩ የሚወጣ፣ እንደ ኖራ ያለ ነገር እንዳለው ነገርኳት። "በቃ ገባኝ" ብላ ዘጋችው።

በምን እንዳጠበችው አላውቅም። በማግሥቱ ስልኬ ላይ ሥዕል ላከችልኝ። ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንደኛው ዝቅ ያለ ጉብታ፣ ሁለተኛው ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ። ጉብታው ከነጸበሉ የተለካው ነው፤ ተራራው ከታጠበ በኋላ። ተራራው ካሰላችው ጥቂት ያንሳል።

"ይቺኛዋ ጉድለት የኔ ናት፤ አንቺ የለሽበትም" አለችኝ።

አስተማሪዋ ሁለቱንም መስመር እንድትይዝ ነግረዋታል። ያን ያህል የሳሳ ደለል ልኬቱን ካናወጠው፣ ወርቁ ጥቃቅን ነገር ለመለየት ይረዳል ብለው። እሷም በጽሑፏ ውስጥ "ከምንጭ ውሃ የቀረ ደለል" ብላ አስገባችው። የማን ምንጭ እንደሆነ አልጻፈችም።

"ሌላ ጊዜ እኔን ርጪኝ፤ እሱን ማሪው" ብላኛለች።

ተመረቀች። ተመስገን።

ንስሐ ልገባ ወደ ነፍስ አባቴ ስሄድ የነገርኳቸው ስለ ጸበሉ አልነበረም፤ ስለ ኔትወርኩ ነው።

"መልሰሽ ደወልሽላት?" አሉኝ።

"ደወልኩ አባቴ።"

"ከስንት ሰዓት በኋላ?"

"አንድ ልቃቂት ሳልጨርስ።"

ፈገግ ብለው አርባ ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴን ያመኛል። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ሰገድኩ።