ከደጄ የመለስኳቸው እናት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቴንና ቁጣዬን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው እንጂ ስለማምናችሁ አይደለም። እንድታዝኑልኝም አልፈልግም።

ባሌ ታደለ ካርቱም ሳጃና ሰፈር ውስጥ ፍሪጅ ይጠግን ነበር። ከእኔ በፊት ስንዱ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ወባ ገደላትና እዚሁ ካርቱም ተቀበረች። ሳገባው ፎቶዋ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር። በየዓመቱ በሞተችበት ቀን ፍትሐት ያስደርግላታል፣ ለነዳያን ዳቦ ይወስዳል። ዳቦውን የምጋግረው ማን ነበር? እኔ። አንድ ቀን «ፎቶው ይውረድ» ስለው፣ «አንቺን ስላገባሁ እሷ አልነበረችም ልበል?» አለኝ። ድምፁን እንኳ አልጨመረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጠላኋት። የሞተ ሰው ይጠላል? እኔ ጠላሁ። ዐማራት ሰፈር የሰው ቤት ስጠርግ ውዬ በሬን ስከፍት መጀመሪያ የምትቀበለኝ እሷ ነበረች፣ እየሳቀች።

በተጋባን በአራተኛው ዓመት ታደለ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ለስንዱ እናት መልእክት ላከ። ለሙት ዓመቷ እንዲመጡ፣ የልጃቸውን መቃብር እንዲያዩ። እናቷ እማማ ጥሩዬ ስልክ የላቸውም። መልስ አልመጣም፤ እሱ ግን በየቀኑ ይጠብቃቸው ነበር።

አንድ ረፋድ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ርክሻ፣ እኛ አገር ባጃጅ የሚባለው፣ ደጃችን ቆመ። እግራቸው በመንገድ ያበጠ አሮጊት፣ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ወረዱ። ገና ሳይናገሩ አወቅኳቸው፤ መልካቸው የስንዱ መልክ ነው። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ፎቶው እንዳይታያቸው በገላዬ ጋረድኩት።

«የታደለ ቤት ይህ ነው፣ ልጄ?»

«ነበር። ለቆ ሊቢያ ሄዷል።»

«የልጄን መቃብር የሚያውቅስ ሰው አለ?»

«እኔ ለሰፈሩ አዲስ ነኝ» አልኩ። መቃብሩን አውቀዋለሁ። ታደለ ሁለት ጊዜ ወስዶኛል።

ከዚያ ከፌስታላቸው በቅቤ የታሸ በሶ አወጡ። «ለሱ ነበር ያመጣሁት። ይዤው አልመለስም፤ አንቺ ብዪው።»

ተቀበልኩ። ለባለ ርክሻው በዐረብኛ፣ ቤት ተሳስተዋልና አውቶቡስ ተራ መልሳቸው አልኩት። እሳቸው ቋንቋውን አያውቁም። «ያላ፣ ያ ሐጃ!»፣ እንሂድ እናቴ ብሎ ደግፎ አሳፈራቸው።

በሶውን በማግስቱ ለታደለ ለቁርስ አቀረብኩለት። ለምን? መጣል እችል ነበር። አልጣልኩም።

«ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«አንዲት ሴት ስትሸጥ አግኝቼ።»

«የስንዱ እናት እንዲህ አድርገው ነው የሚያሹት» አለና ማኘኩን አቆመ። «ለልጃቸው መቃብር እንኳ የማይመጡት ሌላ ሴት ስላገባሁ ነው። ተቀይመውኛል።»

እኔ ሻይ ቀዳሁለት።

የሱዳን ጦርነት ከሳጃና አፈናቅሎ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ከጣለን በኋላ የእማማ ጥሩዬ መሞት ተነገረው። እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ። «ይቅር ሳይሉኝ ሞቱ» እያለ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጀርባውን እያሻሸሁ፣ «አዎ፣ ክፉ ቂመኛ ነበሩ» አልኩት። እሳቸውን ከደጄ መመለሴ አልበቃኝም፤ ሞተውም ስማቸውን አጠፋሁባቸው።

ቅናት ነው አትበሉኝ፣ ልጅነት ነው አትበሉኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የማደርገውን አውቅ ነበር። እነግረዋለሁ ብላችሁም አትጠብቁ። ብነግረው ይተወኛል፣ መተዉም ልክ ነው እላለሁ። ስለዚህ አልነግረውም። ይቅርታም አልጠይቅም፤ የምጠይቃቸው ሴት የሉም፣ ያለውን ሰው ደግሞ ዛሬም እየዋሸሁት ነው።