ከክዳኑ ሥር የነበረችው ፌስታል

የሞተር ካንዴላ ፈትቶ ማጽዳትን ያወቅሁት «ሀ»ን ከማወቄ በፊት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሰው ልጁን በሚድርበት ዕድሜ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ብዙ ሰው ስለ ትልልቅ ነገር ጻፍ ይለኛል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት የውኃ ሞተር ነው።

ሞተሯ የሁለታችን ነበረች፣ የእኔና የጎረቤቴ የሽማግሌው። «ኦቦ» ነበር የምንላቸው፣ በኦሮምኛ «አቶ» እንደ ማለት ነው፤ እኛ ቤት ኦቦ ከተባለ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ኦቦ የለም። ማሳችን ከሰበታ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ነው። የሳቸው መደብ ከታች ለውኃው ቅርብ፣ የእኔ ከላይ ዳገቱ ላይ። ሞተሯ ቀስ ብላ ስትሠራ ውኃው የሳቸው ማሳ ይደርሳል። ወደ እኔ እንዲወጣ ግን ቤንዚን ሰጥቶ ማስጮህ ያስፈልጋል። ከመናገሻ በኩል ነፋስ ሲመጣ የረጠበው አፈር ሽታ እስከ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ ያን ሽታ የትም አላገኘውም።

የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልትውጥ ነው ተብሎ አገሩ የተነሣበት በጋ። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ተከልክሏል። እኔ ፉሪ በኩል የነበረችኝ መሬት ቀደም ብላ ለቤት ተወስዳብኛለች፤ የቀረችኝ ያቺ የዳገት ቁራጭ ናት። የጥቅል ጎመን ችግኝ ገና ማዛወሬ ነው። ችግኝ በተዛወረ ሰሞን ውኃ ካጣ አለቀለት፤ ሌላ ዘር የማመጣበት መንገድ ደግሞ ዝግ ነው። ያ ጎመን ከሞተ የዚያ ዓመት ቀለባችን አብሮት ሞተ ማለት ነው።

ጠዋት ገመዷን ስቤ አስነሣኋት። ዱክ ዱክ ዱክ፣ ጤነኛ ናት። የኦቦ መደብ መጠጣት ጀመረ። የቱቦውን ጫፍ ወደ ላይ ወስጄ ቤንዚን ጨመር አደረግሁላት። ጮኸች፣ አቃሰተች፣ ጠፋች። ደግሜ ሳብኩ። ቀስ ስትል ትሠራለች፤ ቤንዚን ስትሰጣት ትጠፋለች።

«ማል ታኤ?» አሉ ኦቦ። ምን ሆነች ማለታቸው ነው።

«ዳገት አልወድም አለች።»

«ታዲያ እንደኔ አርጅታ ነዋ!» ብለው ቱቦውን ወደ ራሳቸው መደብ መለሱት።

ካንዴላውን ፈታሁ፤ ጠቁሯል፤ በሽቦ ፋቅሁት። ጠፋች። የአየር ማጣሪያዋን አራገፍኩ። ጠፋች። ካርቡራተሯን አውርጄ፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ በአፌ ነፋኋት። ጠፋች፤ ለእኔ የተረፈኝ አፌ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ነው። ከተማ ያለው መካኒክ ሱቁን ቆልፎ ሄዷል። በየመሐሉ ኦቦ እየመጡ የታንከሯን ክዳን ይከፍታሉ፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ፣ «እያለቀ ነው» ብለው ይዘጋሉ። ያለችን እሷው ናት፤ ጀሪካኑ ባዶ ነው።

ሚስቴ ምሳ ይዛ መጣች። ሞተሯ ስትነሣና ስትጠፋ ቆማ ሰማቻት።

«ይቺ እኮ ሰው ናት» አለች። «በሹክሹክታ ስታወራ ማንም አይነካትም፤ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ትሞታለች።»

ኦቦ ወደ መንገዱ ዞረው አዩ። ሰው የለም። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ልጄ፣ የሚያስሩት አንቺን ነው፤ ሞተሯን አይደለም።»

እኔ አልሳቅሁም። ከላይ ችግኞቼ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከታች የሳቸው መደብ ረጥቦ ያብለጨልጫል።

ኦቦ አሁንም ክዳኑን ከፈቱ። ሚስቴ ጆሮዋን ቀሰረች። «ሰማችሁ? ሲከፈት ተነፈሰች።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። እሳቸው ከፍተው ባዩ ቁጥር ሞተሯ ትንሽ ትቆይልኝ ነበር። ክዳኑን ከእጃቸው ተቀብዬ ገለበጥኩት። ከሥሩ ፌስታል ተወጥሮበታል። የቤንዚን ታንከር ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ቤንዚን ሲወጣ አየር ካልገባ ቤንዚኑም አይወርድም። ቀስ ስትል የምትጠጣው ትንሽ ስለሆነ ትችላለች፤ ስትጮህ ግን ትታነቃለች።

«ይህን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ» አሉ። «ቤንዚን ይተናል ሲሉ ሰምቼ፣ ያለችን እንዳትተን ብዬ።»

«አንቱማ ምን ቸገረዎት! የእርስዎ ይጠጣል። የእኔ ይድረቅና መሬቱም ለእርስዎ ይቅር!»

ስንት ክፉ ዘመን አብረውኝ ያለፉ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን ግን የተከለከለው ቤንዚን ነው እንጂ ጥርጣሬማ እንደ ልብ ይቀዳ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤንዚኑ አፍህን ብቻ ነው ወይስ ጭንቅላትህንም ነው ያቃጠለው?» አለችኝ ሚስቴ።

ኦቦ ክዳኑን ከእጄ ወሰዱ። ፌስታሏን ላጥ አድርገው አወጡ፣ ወደ መደባቸው ወረዱ፣ የቱቦውን ጫፍ አንሥተው እየጎተቱ ዳገቱን ወጡ። «የኔ ጠጥቷል» አሉ። «የኔን ዲሲ፣ የኔን ተወው። አሁን አስጩሃት!»

ሳብኩ። ቤንዚን ሰጠኋት። ጮኸች፤ አልጠፋችም። ቱቦው ተነፋ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ከላይ የኦቦ ድምፅ መጣ፦ «ቢሻን ዱፌ! መጣ፣ ውኃው መጣ!» በዚያ ሰሞን ጩኸት ስንሰማ ልጆቻችን ቤት መኖራቸውን ነበር የምናየው። ይኼ ጩኸት ግን የውኃ ነበር።

ቤንዚኑ ያለቀው የእኔ መደብ ጠጥቶ ሲያበቃ ነው። ወርጄ የኦቦን መደብ ዞርኩት። የጠጣው ግማሹ ነው፤ በወዲያኛው ጠርዝ አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ የጎመን ችግኛቸው ተኝቷል።

«ጠጥቷል አላሉም?»

«ጠጥቷላ። በዚህ በኩል።»

ሚስቴ ባልዲ ፍለጋ ወደ ቤት ሄደች። ፀሐይ እስክትገባ ከወንዙ እየቀዳን የሳቸውን ግማሽ አጠጣን፤ እሳቸውም በጣሳ። ጎመኑ ያዘ። የሁለታችንም።

በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ቤቱ ግን አልቀረም፤ ዛሬ ያ ወንዝ ዳር አጥርና ፎቅ ነው። ኦቦም የሉም። ሞተሯ እኔ ዘንድ ናት፣ የምታጠጣው የላትም። አንዳንድ ቀን አውጥቼ አስነሣትና ቤንዚን ሰጥቼ አስጮሃታለሁ። ጎረቤት ይረበሻል። ይረበሽ።

የዚያን ዕለት ስንለያይ ኦቦ ፌስታሏን ወንዙ ውስጥ አለቅልቀው፣ አራግፈው፣ አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ አየሁ።

«ደግሞ ለምን ሊያደርጓት ነው?»

«ለጨው። ጨው አየር አይወድም።»

«ቤንዚን ትሸታለች እኮ።»

«አፍህም ይሸታል» አሉ። «ሲታጠብ ይለቃል።»