እትዬ አመለወርቅ የሌሉበት ሥዕል

ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለችው ፍሬም ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መስታወት ሰበርኩ። አለቃዬ ጋሼ መኩሪያ አልተቆጡም። «እንኳን ደህና መጣሽ! አሁን የሙያው ሰው ሆንሽ» ብለው መጥረጊያ አቀበሉኝ።

ያን ቀን ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው። ፍሬም ሥዕሉን ይዞ እንዲቆም ጠርዙን በአራቱም በኩል ትንሽ ይሸፍናል። «ስትለኪ የሚሸፈነው ቦታ ላይ ምን እንዳለ እዪ» አሉኝ። እሺ አልኩ እንጂ ልቤ ምሳዬ ላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሶማሌ ተራ ሱቅ ያላቸው እትዬ አመለወርቅ ፍሬሙ የተላቀቀ ሥዕል ይዘው መጡ። የሣሉት ሟች ባላቸው ናቸው። ሳያሳዩአቸው አረፉ፤ ፍሬም አስገብተው ያመጡላቸው ልጆቻቸው ናቸው።

ሥዕሉ የቤት ምሳ ነው። ልጆቹ ትሪ ከበው ተቀምጠዋል፤ ድመቷም አለች። ሁሉም ወደ ግራ እያዩ አፋቸውን ከፍተዋል።

«ይኸው፣ ድመቷን እንኳ ሥሎ እኔን ረሳኝ!» አሉ እትዬ። «ደግሞ ይስቁብኛል! ጠግኑልኝና ለልጄ ልስጠው፤ ቤቴ ውስጥ አላየውም።» ቀልድ ያስመስሉታል እንጂ አንጀታቸው አሯል።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «እትዬ፣ ይሄ ሳቅ አይመስለኝም። ትንሿን ይዩዋት እስቲ፣ አንገቷን እንዴት እንዳሰገገች! ጉርሻ እየጠበቀች እኮ ነው።»

«ታዲያ አጉራሹ የታለ?»

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሼ መኩሪያ፣ «መተርጎሙን ተይና ሚስማሩን ንቀዪ!»

ነቀልኩ። የድሮው ፍሬም ከልክ በላይ ሰፊ ነበር። የግራው ጣውላ ሲነሳ ከሥሩ ቀለሟ ያልደበዘዘ እጅ ወጣች፤ ጉርሻ ይዛለች። ትንሿ ጣቷ ቆልመም ብላለች።

እትዬ አመለወርቅ ከገቡ ጀምሮ በነጠላቸው ሸፍነውት የቆዩትን እጅ አውጥተው ከሥዕሉ ጎን አስቀመጡት። ያቺው ቆልማማ ጣት!

«አይ አንተ ሰው! ይቺንም ሳታቃናት ሣልካት?» ብለው እያለቀሱ ሳቁ። እኔም አለቀስኩ። ጋሼ መኩሪያ ንጹሑን መስታወት መወልወል ጀመሩ።

«ለልጅዎ የሚሄደው በየትኛው ፍሬም ይሁን?» አልኳቸው።

«የምን ልጅ? ከፈለገ የራሱን ያሠራ!»

እጇ ሳትሸፈን በቀጭን ፍሬም ገጠምንላቸው። ዛሬ ፍሬም ቤቷን የምመራው እኔ ነኝ። ሚስማር ከመምታቴ በፊት የሚሸፈነውን ጠርዝ ለባለቤቱ አሳያለሁ።