ግመሉ አልተነሣም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩም። ሚስቴም አታውቀውም። እሷ የጎረቤት ዶሮ የት እንደጣለች፣ ስንት እንደጣለች፣ ለምን እዚያ እንደጣለች የምታውቅ ሴት ናት፤ ይህን ግን አታውቅም። እኔ ሙጨ፣ አፌን ዘግቼ ማደር የማልችለው ሰውዬ፣ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ዋጥኳት። እስከ ዛሬ ግን ከጉሮሮዬ አልወረደችም።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው አስፋልት ዳር ጎማ እጠግናለሁ። የኛን ቆላ ሙቀት ለማያውቅ ሰው፣ ዶሮዎቻችን እንቁላሉን ቀቅለው ነው የሚጥሉት እለዋለሁ። ሰው ለጎማው መጥቶ ለወሬዬ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ሰው ተቀምጦ ካየሁ እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ኃጢአቴም የመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ከደጃፌ ፊት ለፊት ዘሃራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ አለች። በሰሊጥ ወራት የጭነት መኪናው ከተማችንን እንደ ጥይት ሲያቋርጥ፣ ተማሪዎች መንገድ ዳር ቆመው ፀሐይ ሲበላቸው አይታ አላስችላት አለ። አንድ መምህርና ጥቂት የባጃጅ ሾፌሮችን ሰበሰበች። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። ባጃጅ የሚቆምበትን ቦታ ለዩ፤ እግረኛ መሄጃ ላይ የተከመረውን ጆንያ ባለቤቶቹን እየለመኑ አስነሡ። በመጨረሻም አስፈቅደው ከደጃፌ በሚታየው ትምህርት ቤት በር ላይ መኪና የሚያበርድ ጉብታ ሊሠሩ ተነሡ። ያረጀ ጎማ ስጠን ብለው እኔ ዘንድ መጡ።

"ዕድሜ ልኬን ጎማ ከመንገድ ሳነሣ ኖሬ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ልቀብር?" አልኳቸው።

"አያ ሙጨ፣ ቀልድህን ያዝና ጎማህን ስጠን። ኸላስ!" አለች ዘሃራ።

ሰጠኋቸው። ጎማዎቹን ደርድረው በአፈርና በጠጠር ጠቀጠቋቸው። ጉብታው እንደ ግመል ሻኛ ብቅ ሲል "ግመሉ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ከተማው ሁሉ ተቀበለኝ። ባጃጅ ሲጠሩ "ግመሉ ጋ አውርደኝ" ይባል ጀመር። ግመሉም ሥራውን ሠራ፤ ያ ሁሉ መኪና እየመጣ አንገቱን ይሰብርለት ጀመር፤ ልጆቹም ተሻገሩ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። መዞሬን እኔም አውቄዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ሻምበል የሚባል ሾፌር የፊት ጎማውን ይዞ መጣ። ጎማው ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል። ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ለፊት እግር አይሆንም። ይህን ማንም ጎሚስታ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ያን ጠዋት ሰዎች ከብበውኝ ስለ አንድ ጅብ እያወራሁ ነበር፤ ጅቡ ገና አህያዋን ለትዳር እየጠየቃት ነው። እንዴት ላቋርጠው? ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጬ ከውስጥ ሸጎጥኩበት፤ ነፋሁት፤ አሰርኩለት።

"ይይዛል?" አለኝ ሻምበል።

"ካርቱም ደርሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይመለሳል!" አልኩት።

ሳቀ፤ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሰሊጡን እስከ አፉ ጭኖ ተመለሰ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። ጎማው ሲፈነዳ ሰማሁ። ልብ አድርጉልኝ፤ የፈነዳው ግመሉ ላይ ሳይደርስ ነው። መኪናው ከዚያ በኋላ ነው ተንገዳግዶ ጉብታው ላይ የወጣውና በጎኑ የተኛው። ሰሊጡ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። የሻምበል ረዳት ክንዱ ተሰብሮ ይጮሃል። ሰው ሁሉ እሱን ሊያነሣ ሮጠ። እኔስ? እኔ ወደ ጎማው ሮጥኩ። በተቀደደው በኩል እጄን ሰድጄ ያችን ቁራጭ መዝዤ አወጣኋትና ከቱታዬ ሥር ሸጎጥኳት። ሰው ሰው ሲያነሣ እኔ ጥፋቴን አነሣሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎችና የመንገድ ነገር የሚመለከታቸው ሰዎች ዳስ ሥር ተቀመጡ። ሾፌሮች "ጎማውን ያፈነዳው ጉብታው ነው፤ ይፍረስ" ይላሉ፤ ዘሃራና ጓደኞቿ "ተዉ" ይላሉ። አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ በርህ ላይ ነበርክ አሉ። ምን አየህ ልጄ?"

ተነሣሁ። ገና ስነሣ የሰው ጥርስ ብልጭ ብልጭ ይላል። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር? እችል ነበር። ማን አፌን ያዘኝ? ማንም።

"አባቴ፣ ምን ብዬ ልንገርዎት! መኪናው ቀስ ብሎ መጣ፤ ልክ አጠገቡ ሲደርስ ግመሉ ብድግ አለ!"

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሻምበል ሳቀ። ክንዱ የታሰረው ረዳት እንኳ እያቃሰተ ሳቀ። ዘሃራም፣ ያ ሁሉ ልፋቷ ሊፈረድበት የቀረበው ዘሃራ፣ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። አዛውንቱ እንባቸውን እየጠረጉ "አንተ ከይሲ! ቀልዱን ተወውና፣ የገለበጠው ጉብታው ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?" አሉኝ።

"ጉብታው ነው" አልኩ። ይህኛው ቀልድ አልነበረም። ይህኛው ውሸት ነው፤ በቀልዱ ሞቅ ብሎ ስለወጣ ማንም አልመረመረው።

ጉብታው ፈረሰ። ጎማዎቹን ነቅለው እያንከባለሉ እኔው በር ላይ ከመሩልኝ።

ዘሃራ ግን አልተቀመጠችም። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ከሱቋ ቀይ ጨርቅ ይዛ ወጥታ አስፋልቱ መሀል ትቆም ጀመር። "ግመሉን ከነቀላችሁት እኔ ግመል እሆናለሁ" አለች። ሾፌሮቹም "ግመሊት" አሏት። ስሙ የማን ነው? የኔ ነው። ደጃፌ ላይ ሆኜ ሲጠሯት እየሰማሁ ከአላፊው ጋር ሳቅሁ። በቀጣዩ የሰሊጥ ወራት አንድ መኪና ፍሬን አልይዝ ብሎት ጨርቋን ይዛ እንደቆመች መታት። ልጆቹ ገና አልተሻገሩም ነበር። እሷ ጎንደር ሆስፒታል ከርማ በክራንች ተመለሰች። እግሯ ዳግመኛ አልታጠፈላትም።

እኔ ላይ አልፈረደችም። ሰው "የሙጨ ምስክርነት ነው ጉድ ያደረገሽ" ሲላት፣ "ያየውን ነው የተናገረ፤ ምን ያድርግ?" ትላለች። ይህን ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ብትረግመኝ ምን ነበረበት?

ዘንድሮ እነ ዘሃራ ጉብታው እንደገና ይሠራ ብለው ጠየቁ። የተመለሰላቸው መልስ "ያ ጉብታ መኪና ገልብጧል፤ ምስክር አለ" የሚል ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ። ልጆቹ ዛሬም በዚያው አስፋልት ይሻገራሉ፤ እኔ አፌን ካልከፈትኩ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ሱቋ ሄድኩ። ክራንቿን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ጨርቅ ትለካለች።

"ዘሃራ፣ ያ የሻምበል የፊት ጎማ እኮ እኔ የጠገንኩት ነበር" አልኳት።

መቀሷን አስቀመጠች። ዓይኗ አስቀድሞ መሳቅ ጀመረ። "እሺ፣ ከዚያስ?"

"ጎኑ የተሰነጠቀ ነበር..."

"ቀጥል እንጂ አያ ሙጨ! ከዚያስ ምን ሆነ?"

ፊቷን አየሁት። ሳቋን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። "ከዚያማ... ካርቱም ሄዶ አግብቶ ቀረ" አልኩ። ጠረጴዛውን ደግፋ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ወጥቼ ሄድኩ። እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ሁለት ጊዜ በዚያው ቢላዋ ማረድ አይደለም?

በአፌ ስለማልችል ጻፍኩት። መምህሩ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያነበው እሰጠዋለሁ፤ እኔም እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። ድሃ ነበርኩ አልልም፤ ፈራሁ አልልም፤ መሳቁን የወደደው ሰው ነው አልልም። ሻምበል ካሳ ቢለኝ፣ ሕግ ቢፈልገኝ፣ ቤቴን ያውቁታል። ማሩኝም አልልም። ጉብታው ይሠራ።

ግመሉ አልተነሣም። የፈነዳው ጎማ ነው፤ የጠገንኩት እኔ፣ የደበቅሁት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ። ዘሃራ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቅ ነገር የለም። አትጠብቂኝ።