አባቴ እሺ ያለበት ቀን

አባቴ እሺ ማለት አያውቅም። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጃንጥላ ያዝ ሲሉት ሰማዩን ቀና ብሎ ያይና ባዶ እጁን ይወጣል። እናቴ በዚህ ጠባዩ ስትንጨረጨር ነው ያረጀችው። እኔም የወረስኩት ይህንኑ ስለሆነ፣ ስትቆጣ ሁለታችንን አትለይም።

ክረምቱ ሲቃረብ ቁስቋም ዳገት ላይ ያለው ቤታችን ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ሠራተኛ እንጥራ ብንለው እምቢ ብሎ ራሱ መሰላል ላይ ወጣ። ወደቀ። ጭንቅላቱ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተላትሞ ለአፍታ ራሱን ሳተ፤ ከዚያ ተነስቶ አቧራውን አራገፈና መሰላሉን ሰደበ። ሆስፒታል እንሂድ ብለን ለመንነው።

«ምን ሆንኩና!» አለ።

የሰፈሩ ሰው ወዲያው ሰማ። እኛ ጋ ከአደጋ የተረፈ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም፤ ሙዝና ለስላሳ ይዘው ግቢውን ሞሉት። «እንኳን እግዜር አተረፈዎት!» ይሉታል፤ እሱም አወዳደቁን ለእያንዳንዱ ይተርካል፣ በተረከ ቁጥር መሰላሉ ይረዝማል። ሳቅን። እናቴ እብጠቱን ቅቤ ቀባችው። እኛ ተረፈ ብለን ስንደሰት ለካ ደሙ ከራስ ቅሉ ሥር እየተጠራቀመ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም አለ። ጎረቤቶቹ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ፣ ተዋቸው» አሉ። እናቴ ግን እንደ ልማዷ ልትነዘንዘው፣ «አሁንስ ሆስፒታል እንሂድ?» አለችው።

«እሺ» አለ።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ልጄ፣ አባትሽ ሊሞትብን ነው፣ መኪና ፈልጊ!» ብላ ጮኸች። ባለሱቁ ጎረቤታችን ሱቁን ክፍት ትቶ በመኪናው ይዞን በረረ። ዊንጌት ያለው ሆስፒታል ስንደርስ አባቴ ሲጠሩት አይመልስም ነበር።

ሐኪሙ ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አይቶ፣ የፈሰሰው ደም አንጎሉን እየተጫነው ስለሆነ የራስ ቅሉ አሁኑኑ ተከፍቶ ደሙ መውጣት አለበት አለን። ተኝቶ ይረፍ ብለን ብንተወው ኖሮ አይነቃም ነበር። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያስገቡት ሐኪሙ እናቴን፣ «ምን አይተው ነው ይዘዋቸው የመጡት?» ሲል ጠየቃት።

«እሺ አለኝ» አለች። ሐኪሙ አልገባውም።

በማግስቱ፣ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ዓይኑን ገለጠ። ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፣ እሺ?» አለችው። እኔና እናቴ ከንፈሩን አየን።

«እምቢ» አለ።

ያንን እምቢታ እንዴት እንደወደድኩት! እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ነርሷ ያስከፋት መስሏት፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ በቀስ እሺ ይላሉ» አለቻት።

እናቴ እጇን ያዘቻት። «አፈር ስሆንልሽ ልጄ፣ እሺ እንዳታሰኚብኝ።»