ለአምባዛ ጢም የሚስማማ አሸዋ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢሰፈር ስንት እፍኝ ይወጣዋል? በሱራባያ ከተማ የጌጥ ዓሣ ገበያ የማየው ሽማግሌ ወጣትነቱን ወንዝ ውስጥ እየጠለቀ አሸዋ በማውጣት ፈጅቶ ጆሮው ከብዷል። አሁን ለቤቱ የዓሣ መስታወት ገንዳ አሸዋ ሲመርጥ፣ ከየጆንያው እየቆነጠረ ከንፈሩ ላይ አሽቶ ይፈትነዋል፤ ሻካራ አሸዋ የትንሿን አምባዛ ጢም ይበላዋልና።

«አባባ፣ ሊቅሙት ነው እንዴ?» ትለዋለች ሻጯ ዋርቲኒ።

«አንቺ ጢም ሳይኖርሽ ምን ታውቂያለሽ!»

በዙሪያው የቆምነው ገበያተኞች ከሳቅን በኋላ፣ ለወትሮው የሚጮኸው ድምፁ ዝቅ ይላል።

«ከድልድዩ ሥር አንድ እፍኝ ብቻ አምጡልኝ። ወንድሜ ጠልቆ የቀረበት ነው። እኔን እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሁላችንም «እሺ» እንለዋለን። ድልድዩን በየሳምንቱ የምሻገረው እኔም እስከ ዛሬ ባዶ እጄን ነው የምመጣው።