የኮከቡ አደራ

እዚህ ሚኒሶታ፣ ሲዋርድ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እንድከባከብ ከቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅታችን ሲደወልልኝ፣ አስተባባሪዋ መጀመሪያ የነገረችኝ ውሻ እንደሌላቸው ነበር። ቀጥላ የድሮ ወታደር እንደሆኑ፣ ጉልበታቸውና ልባቸውም እንደደከመ ነገረችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ "በነገራችን ላይ ዊካን ናቸው፤ ችግር የለብሽም አይደል?" አለችኝ። ዊካን ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ሥጋ አለመብላት መስሎኝ "ኖ ፕሮብለም፣ ሽሮ እሠራላቸዋለሁ" አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ጎግል ሳደርግ ግን የመጣልኝ ቃል "ጠንቋይ" የሚል ነበር።

እኔ ደግሞ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ከፊት መስመር የምቆም ሰው ነኝ። ጠንቋይ ሲባል የማውቀው ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚለውን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፁን ለውጦ የሚያጓራውን ነው። አገር ቤት ጠንቋይ ዘንድ የምትሄድ ሴት የኮበለለ ባሏን ለማስመለስ ነው የምትሄደው። እኔ ግን ጠንቋዩን ገላ ለማጠብ ልሄድ ነው። እምቢ እንዳልል ሥራው ለቤቴ ቅርብ ባይሆንም ሰዓቱ ከልጄ ትምህርት ቤት ጋር ይገጥምልኛል። ስለዚህ የተጸለየበት የወይራ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከምኖርበት ከሮቢንስዴል ጀምሮ በልሳን እየጸለይኩ ድራይቭ አደረግሁ።

እንደደረስኩ የበሩን እጀታና መቃን ቀባሁ። ከዚያ ደወልኩ።

የከፈቱልኝ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ሱሪያቸውን በማንጠልጠያ የያዙ፣ የሚስቁ ዓይኖች ያሏቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንገታቸው ላይ ክብ ውስጥ የተሣለ ኮከብ ተንጠልጥሏል። ሳየው ልቤ ድንግጥ አለ፤ እንደፈራሁት በጥንቆላው ግን አይደለም። ኮከቡ ባንዲራችን መሃል ካለው ኮከብ ጋር ቁርጥ ነው! ያኔ ደግሞ ባለ ኮከቡና ኮከብ የሌለው ባንዲራ ሚኒሶታ ውስጥ በሠርግ አዳራሽ ሳይቀር ሰው የሚያቧድንበት ጊዜ ነበር። ጠንቋይነታቸውን ረስቼ፣ "ደግሞ የመንግሥት ደጋፊ ናቸው!" አልኩ በሆዴ። ሁለት ሳምንት ስለ አገር ፖለቲካ ትንፍሽ ሳልል ሠራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አላስችል ብሎኝ፣ "አዲስ አበባ ሄደው ያውቃሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አልሄድኩም፣ ለምን ጠየቅሽኝ አሉ። ወደ አንገታቸው ጠቆምኩና ባንዲራውን ከስልኬ አሳየኋቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ አምስቱን ጫፎች በጣታቸው እየነኩ፣ በዊካን እምነታቸው ምድር፣ ውሃ፣ እሳት፣ አየርና መንፈስ እንደሆኑ አስረዱኝ።

"ጥያቄው መንፈሱ የትኛው እንደሆነ ነው" አልኳቸው።

"እሱን ገና እየተነጋገርንበት ነው" አሉኝ። "በይ አሁን እኔም ልጠይቅሽ። በሬን ጠዋት ጠዋት ዘይት የሚቀባው ማነው?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። "ማጠፊያው ሲጮህ ዓመቱ ነው፤ እጀታውን ከምትቀቢ እሱን ቀቢልኝ" ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቀባሁት። በሩ ዝም አለ።

በስማቸው ጥሪኝ ቢሉኝም የአባቴን እኩያ በስሙ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ አባባ እላቸው ነበር። ጓደኞቻቸው ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ዕለት እኔ ልወጣ ስል ይመጣሉ። ጠንቋዮቹን እስካይ ድረስ ስንት ነገር አስቤ ነበር! ጡረታ የወጡ አራት ሴትዮዎች ናቸው፤ ዝኩኒ ከሚባል አትክልት የተጋገረ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው ይመጣሉ፤ የበሉበትን ሰሃን አጥበው ይሄዳሉ። የኛ መዘምራን እንኳን ሰሃን አያጥቡም። ዳቦውን መጀመሪያ በኢየሱስ ስም ገሥጬ በላሁት፤ በኋላ በኋላ ሳልገሥጽም በላሁት።

ገላቸውን ሳጥብ እዘምራለሁ፤ ልማዴ ነው። እሳቸውም ዜማውን እያበላሹ አብረውኝ ያንጎራጉራሉ፤ የገንዳውንም ጠርዝ በጣታቸው ይመታሉ። ልሄድ ስነሣ ደግሞ በየቀኑ ያው ነው የምላቸው፦ "አባባ፣ መድኃኒቱን አደራ! ምድጃውን አደራ!" አንድ ቀን አደራ ማለት ምንድነው አሉኝ።

እኔም ወሬ አላንስም። አደራ ማለት ሰው እጅህ ላይ ያስቀመጠው ነገር ነው፤ ያንተ አይደለም፤ ሞት እንኳን ቢመጣ ለባለቤቱ ታደርሰዋለህ፤ አደራ በላ ከሌባ ይብሳል፤ ሌባው ቢያንስ እመነኝ አላለህም አልኳቸው። በጣም ወደዱት። ቃሉን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። አፌን ብዘጋው ምን ነበረበት!

የሚቀበሩበትን ቦታ ያውቁታል፤ ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለው የወታደሮች መቃብር ነው። ነጫጭ ድንጋዮች ተሰልፈው የቆሙበት፣ እያንዳንዱ ድንጋይ አናት ላይ የሟቹ እምነት ምልክት የሚቀረጽበት። ድሮ መንግሥት የፈቀዳቸው ምልክቶች ዝርዝር ውስጥ መስቀል ነበረ፣ ጨረቃ ነበረ፣ በምንም ለማያምኑት እንኳን የራሳቸው ምልክት ነበራቸው፤ የነአባባ ኮከብ ግን አልነበረም። ባሎቻቸው በጦር ሜዳ የሞቱባቸው ሴቶች ምልክቱን ለዓመታት ለምነው፣ ሲታክታቸው መንግሥትን ፍርድ ቤት ከሰው ነው የተፈቀደው። አባባም ያኔ ደብዳቤ ሲጽፉ ነበር። "ሁለት ጊዜ ቬትናም ሄጃለሁ። ያሸነፍኩት ጦርነት ግን ያ ብቻ ነው" አሉኝ።

"ታዲያ ከተፈቀደ ምን ያሳስብዎታል?"

"እህቴ" አሉ። "ስሞት ምልክቱን የምትመርጠው እሷ ናት። አጥባቂ የሉተራን ክርስቲያን ናት፤ መስቀል ነው የምታደርግብኝ። ትወደኛለች፤ ችግሩም እሱ ነው።"

ከዚያ ከወንበራቸው ትራስ ሥር የታሸገ ፖስታ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። በዚያ በጠማማ አነጋገራቸው፣ "አደራ" አሉኝ።

የጋለ ድስት እንደነካ ሰው እጄን ሰበሰብኩ። ፖስታው ወለሉ ላይ ወደቀ። "አባባ፣ ለጓደኞችዎ ይስጡት!" አልኩ።

"እህቴ ለነሱ በሯን አትከፍትም። አንቺን ግን ታምንሻለች፤ የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ።"

"እኔም እኮ መስቀል ቢሆንልዎ ነው የምፈልገው!"

"አውቃለሁ። መስረቅ ለማያምረው ሰው መስጠትማ ምን አደራ አለው?" አሉኝ።

የገዛ ቃሌን መልሰው አጎረሱኝ። ፖስታውን አነሣሁ። ቤቴ ግን አላስገባሁትም፤ መኪናዬ ውስጥ፣ ከኢንሹራንሱ ወረቀት ጋር ከተትኩት። ጥር ላይ መኪናው አልነሣ ሲል ወዲያው ፖስታውን ጠረጠርኩ። ባትሪ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ፣ ጋዜጣቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ አገኘኋቸው። አምቡላንስ ጠርቼ፣ ከዚያ እንደ አገሬ ደረቴን እየደቃሁ ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤት ሰው የሚታረድ መስሎት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ሲመጣ ሟቹ አባትሽ ናቸው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። በኋላ ለወረቀቱ አስተካከልኩት እንጂ፣ በዚያች ሰዓት የዋሸሁ አልመሰለኝም።

እህታቸው በማግስቱ ከሰሜን፣ አራት ሰዓት ድራይቭ አድርገው መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የወንድማቸው ዓይን የሆነ አሮጊት ናቸው። ለለቅሶ ይዘውት የመጡት ምግብ ከነመጋገሪያው እቅፋቸው ውስጥ ነበር። ኩሽና ተቀመጥንና እጄን ያዙኝ። "አንቺ አማኝ እንደሆንሽ ነግሮኛል። እውነቱን ንገሪኝ፤ አንድ ቀን እንኳን አብሮሽ ጸልዮ ያውቃል?"

ላጽናናቸው ብዬ፣ "ስዘምር አብረውኝ ይዘምሩ ነበር" አልኩ።

አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አለቀሱ። "ተመልሷል! መመለሱን አውቄ ነበር!" ብለው አቀፉኝ። "ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ቀብር አስፈጻሚዎቹ ጋ ቀጠሮ አለኝ። መስቀሉን አስመዘግባለሁ።"

ስለ ፖስታው ሳላነሣ ተሰናብቼ ወጣሁ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ዘምረዋል፤ ዜማውን ቢያበላሹም ዘምረዋል። ደግሞስ ለነፍሳቸው አይደል? በዚህች ሰፊ አሜሪካ ሁለት ክርስቲያን ሴቶች ተስማምተው አንድ ሽማግሌ ላይ መስቀል ቢያደርጉ ማን ተጎዳ? እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ ዘይት በከንቱ አልቀረም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ለቤተ ክርስቲያን ያዘዝኩትን እንጀራ ላመጣ ስኔሊንግ አቨኒው ሄድኩ። መብራት ይዞን ስንቆም ልጄ ማስቲካ ፍለጋ መሳቢያውን ከፍታ ፖስታውን አወጣች። "ማም፣ ዋትስ ዚስ?"

ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ትደግፈኛለች ብዬ። ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ፖስታውን አገላብጣ አየችውና፣ "ማም፣ ኢትስ ኖት ዮር ስቶን" አለች። ድንጋዩ ያንቺ አይደለም ማለቷ ነው። ቀጥላ ከስንት ጊዜ አንዴ የምታወጣውን አማርኛ አወጣች፤ እኔው ቤት ውስጥ ስሳደብ የለቀመችውን።

"አደራ በላ" አለችኝ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋብኝ አልተንቀሳቀስኩም።

በማግስቱ ጠዋት እህታቸው ኮታቸውን ለብሰው ቁልፋቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። ጸልዬ ነበር የሄድኩት፤ ጸሎቴ ግን ፖስታውን ሳላደርስ አንድ ነገር ይቅደመኝ የሚል ስለነበር አልተሰማም። "እማማ፣ ትናንት ያልነገርኩዎት ነገር አለ" ብዬ ሰጠኋቸው። ከፍተው ቆመው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ዘረጉልኝ። እንዲህ ይላል፦

"እህቴ፣ ኮከቡን አድርጊልኝ። ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ፣ ያመጣችልሽ ሴት ልትቀደው እየፈለገች ሳትቀደው ቀርታለች። አምላካችሁ ታማኝ ሰው መፍጠር ይችላል ማለት ነው፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም። አትቆጫት። ዘይት ልትቀባ ስትነሣም አትከልክያት፤ የቤቴ በር መጮህ ያቆመው በሷ ነው።"

በእንባዬ መካከል ሳቅ አመለጠኝ። እህታቸው አልሳቁም። ከነኮታቸው ወንበራቸው ላይ፣ የአባባ ወንበር ላይ፣ ቁጭ አሉ። "ልጅ ሆነንም እንዲህ ነበር። የመጨረሻው ቃል ሁሌም የሱ ነው" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "እሺ፣ አደርገዋለሁ። ታዲያ እኔ ስሞት የት ነው የማገኘው?" አሉኝ።

ፊት መስመር ቆሜ ለምዘምረው፣ ለሁሉ ጥቅስ ለማላጣው ለእኔ አንድም ጥቅስ አልመጣልኝም። የያዙትን ቁልፍ ተቀብዬ፣ ቀጠሯቸው ቦታ እኔው ድራይቭ አድርጌ ወሰድኳቸው።

ድንጋዩ ቆሞ ሳየው በረዶው ቀልጦ ሣሩ ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር። እህታቸው ደውለውልኝ አብረን ሄድን። ከዳር እስከ ዳር መስቀል ነው፤ መስቀል፣ መስቀል፣ መስቀል፣ ከዚያ አንድ ኮከብ። ሲያዩት ያንን የአባባን ተንኮለኛ ዓይን ያስታውሳል። ከላያችን አውሮፕላን እየጮኸ አለፈ። ማጠፊያ የለውም እንጂ አባባ እሱንም እንድቀባ ያዙኝ ነበር። ጠርሙሴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ ነካኋትና ተውኳት። እህታቸው ኮከቡ ላይ ያረፈውን ጭቃ በጓንታቸው ቀስ ብለው ጠረጉ።

ልንሄድ ስንዞር፣ በየቀኑ ከቤታቸው ስወጣ እንደማደርገው፣ ሳላስበው አፌ "አባባ፣ አደራ!" አለ።

እህታቸው ቆሙ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ወደ ቀጠሮው ስንሄድ መንገድ ላይ ነግሬያቸው ነበር። "አሁን ደግሞ ምን አደራ ሰጠሽው?" አሉኝ።

እኔም መናገሬ የገባኝ ገና ያኔ ነበር። አሰብ አደረግሁና፣ "ለሁለታችንም ቦታ እንዲይዙልን" አልኳቸው።

"የት?"

"የትም ይሁን" አልኩ። "አባባ አደራ አይበሉም።"